ዝም የሚለው አገናኝ

ግንቦት ፪ ቀን ፲፱፻፹

ይህን ደብተር የጀመርሁት ቁጣዬን በሰው ላይ ከማፍሰስ በወረቀት ላይ ማፍሰስ ይሻላል ብዬ ነው። ለባለቤቴ ለውዴ ይህን ስነግራት ሳቀችና «ወረቀቱ ይችለው ይሆን?» አለችኝ።

ዛሬ አገናኙን ጨረስሁ። ነገሩን በሥርዓት ላስፍረው። ባለፈው ዓመት ለመሥሪያ ቤታችን ከባሕር ማዶ አንድ ኮምፒዩተር ተላከ። ከእርሱም ጋር መዝገብ የሚይዝ፣ የሚፈልግና የሚያወጣ፣ ሲ በሚባል ቋንቋ የተጻፈ ትልቅ የፕሮግራም ስብስብ በዲስኬት መጣ። የእኛ ጸሓፊዎች ሲን አያውቁም፤ ሦስት ወር ተምረው የሚያውቁት ቤዚክ የተባለውን ቀላሉን ቋንቋ ብቻ ነው። ስለዚህ በቤዚክ እየጻፉ ያንን ስብስብ የሚያዝዙበት አገናኝ ያስፈልጋቸው ነበር። አምስት ወር የደከምሁበት ሥራ ይህ ነው። በስብስቡ ውስጥ ላሉት ሃያ ሦስት ሥራዎች ሃያ ሦስት የአማርኛ ትእዛዞች አቆምሁ። ማሽኑ ፊደላችንን ስለማያውቅ አማርኛው በላቲን ፊደል መጻፉ ያንገበግበኛል፤ ይህ ግን የእኔ ጥፋት አይደለም። በቀረው ነገር አንድ አልጨመርሁም፣ አንድ አልቀነስሁም። ከዜማ ቤት ጀምሮ የተማርሁት የተቀበሉትን እንደ ተቀበሉት ማስተላለፍን ነው።

የትእዛዞቹን ዝርዝር በግድግዳው ላይ ስለጥፍ ጄኔሬተራችንን የሚያንቀሳቅሰው አብዱ ቆሞ አነበበ።

«መሪጌታ፣ አንድ የገበሬ ማኅበር ለመመዝገብ ስድስት ትእዛዝ ነው? እኔ ኒካሕ ሳስር እንኳ ይህን ያህል አልተጠየቅሁም።»

ጸሓፊዎቹ ሳቁ። አምስት ወር ደክሜ ያገኘሁት ምስጋና ይህ ነው።

ግንቦት ፱ ቀን

ማስተማር ጀመርሁ። ጸሓፊዎቹ ሦስት ናቸው፤ ከሦስቱ የምትረባው ዘነበች ናት። እኔ በልጅነቴ እንደ ተማርሁት ቆመው በቃል እንዲወጡት አደረግሁ። መዝገቡን ክፈት፤ የሚሰጥህን ቁጥር ያዝ፤ ጻፍ፤ ውጤቱን ጠይቅ፤ ዝጋ፤ ቦታውን ልቀቅ። ውጤቱን ሲጠይቁ ማሽኑ ዜሮ ካለ ተመዝግቧል። ሌላ ቁጥር ካለ ስሕተት አለ፤ የስሕተቶቹ ትርጉም በግድግዳው ላይ በቁጥር ተዘርዝሯል። ካልጠየቁት ግን አይናገርም። ይህ ለማንም ግልጥ ነው።

ዘነበች በሁለተኛው ቀን ሃያ ሦስቱንም ሳታዛንፍ አለቻቸው። ደስ ብሎኝ ነበር። ወዲያው አበላሸችው።

«መሪጌታ፣ አይቆጡኝና አንድ ነገር ልበል? ‹መዝግብ› የሚል አንድ ትእዛዝ ብቻ ቢኖረንና የቀረውን እርሱ ውስጥ ውስጡን ቢሠራውስ?»

«ከዚያ አንቺ ምን ልትሠሪ ነው?»

«እኔማ እመዘግባለሁ።»

«ውስጡን ሳታውቂ ልታዝዢው?»

«ሬዲዮም ስከፍት ውስጡን አላውቀውም» አለች፤ በአክብሮት ነው ያለችው፤ ቢሆንም አለችው።

የዘመኑ ሰው ድካምን ሁሉ እንደ በደል ይቈጥራል። ዝርዝሩን እንደገና ከመጀመሪያው እንድትወጣው አዘዝኋት።

ግንቦት ፲፯ ቀን

ናፍጣ አለቀ። እስከ ስድስት ሰዓት ያለ ሥራ ተቀመጥን። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ጓድ ሙላቴ ሁለት ጊዜ መጥቶ ዝርዝሩ የት ደረሰ አለ። የዘርና የማዳበሪያ መኪናዎች የሚሄዱት እኛ በምናትመው ዝርዝር ነው። ሰኔ ሳይገባ ማለቅ አለበት።

አንደኛው ጸሓፊ ትናንት የሠራው ሁሉ ጠፍቶ አገኘው። መዝገቡን ሳይዘጋ እንደ ተነሣ ሞተሩ ጠፍቷል። «ዝጋ» ብዬ በትልቁ አልጻፍሁምን?

አብዱ በመስኮት በኩል፦ «የኔ ሞተር ሊጠፋ ሲል ይንተፋተፋል፣ ያጨሳል፣ አገር ይረብሻል። የርስዎ ነገር ግን ሞቶም ዝም ነው።»

የናፍጣ ሰው ሊያስተምረኝ!

ግንቦት ፳፮ ቀን

የእብናት ዝርዝር ታትሞ ወጣ። ዘነበች ናት የመዘገበችው። ጓድ ሙላቴ ወረቀቱን ከፍ አድርጎ «በሰው እጅ አንድ ወር ይፈጅ የነበረውን ጓድ መሪጌታ በአንድ ቀን ጨረሱት» አለ። «ጓድ» እና «መሪጌታ»ን አንድ ላይ የሚጠራው ለመቀለድ መሆኑን አውቃለሁ። ሆኖም ሥራው ሥራ ነው። ተናግሬ ነበር፤ በሥርዓት ለሚሠራ ሰው አገናኙ አያስቸግርም።

ሰኔ ፰ ቀን

 

ጠዋት በበሩ አንድ ሽማግሌ ከሦስት ሰዎች ጋር ቆሙ። አቶ ማሬ ይባላሉ፤ በእብናት በኩል የአንድ የገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር ናቸው። ሁለት ቀን ተጉዘው፣ በዝናብ ርሰው ነው የመጡት።

«ሰው የሚጠፋው እዚህ ቤት ነው?» አሉ።

ዱላቸውን ተደግፈው ቀጠሉ።

«መኪናው መጣ። ጎረቤቶቻችን የገብሱን ዘር ተሸክመው ገቡ። እኛን የላችሁም አሉን። እንዴት የለንም፣ ይኸው ቆመናል አልናቸው። ወረቀቱ ላይ የላችሁም አሉን። አራት ማኅበር ሙሉ ሰው፣ ከነሚስቱ ከነልጁ፣ ከወረቀት ላይ እንዴት ይጠፋል?»

መዝገቡን ከፈትሁ። ከአሥራ ሁለቱ ማኅበራት የመጀመሪያዎቹ ስምንት አሉ። የመጨረሻዎቹ አራት የሉም። ዘነበች ከኋላዬ ቆማ ታይ ነበር።

ጓድ ሙላቴ ሁላችንንም ሰበሰበና አንድ ቃል ብቻ ተናገረ፤ «አሻጥር።» ሲናገር የሚመለከተው ዘነበችን ነበር። ወንድሟ ከቤት ከወጣ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ወዴት እንደ ገባ ደብረ ታቦር ሁሉ ያውቃል፤ የሚናገረው ግን የለም።

«ስመዘግብ ሽማግሌዎች መጡ» አለች። «የአንበሳሜ ሰዎች ነበሩ፤ ስለ ማዳበሪያ ሊጠይቁ። መዝገቡን አንዴ ከፍቼ ስምንቱን መዝግቤ፣ ስምንቱንም ጊዜ ጠይቄ ዜሮ ብሎኛል። ተነሣሁ፤ ሰላም አልኋቸው፤ ወንበር ሰጠኋቸው። አንደኛው ግን አልቀመጥም ብለው ቆሙ። እሳቸውን አቁሜ መቀመጥ አፈርሁ። አራቱን ቶሎ ቶሎ ጻፍሁና ዘጋሁ። ማሽኑ ምንም አላለኝም።»

«ጠይቀሽዋል?» አልኋት።

«አራቱን አልጠየቅሁም።»

ይኸው። በራሷ አፍ። መነሣት የሚገባ ነው፤ እኔም በተነሣሁ ነበር። ተመልሶ ሥራን በሥርዓቱ መቀጠል ግን ከዚያ የሚበልጥ ግዴታ ነው። ይህን ፊት ለፊት ነገርኋት።  አብዱ በጥርሱ መካከል አንድ ነገር አለ፤ አልሰማሁትም ብዬ አለፍሁት።

ሰኔ ፱ ቀን

ወሰዷት። በቀበሌው ማረፊያ ናት።

የጽሑፍ ቃል እንድሰጥ ታዘዝሁ። የጻፍሁት ይህ ነው፦ «አገናኙ በተሰጠው መመሪያ መሠረት ቢሠራበት ኖሮ የተባለው ጉድለት ባልደረሰ ነበር።» ፈረምሁ። ከዚህ ውስጥ ሐሰት የሆነ አንድ ቃል የለም። ሦስት ጊዜ አነበብሁት።

አራተኛም ጊዜ አነበብሁት።

ሰኔ ፲፫ ቀን

ከጉና የወረደው ጉም ከተማውን እንደ ሸፈነ ዋለ። ውዴ ሳታየኝ፣ እንጨት እየፈለጠች፣ «ልጅቱ እህል ቀምሳ ይሆን?» አለች። የመንግሥት ሥራ በቤቴ እንዲወራ አልፈልግም አልኋት። ድምፄ ከልኩ በላይ ከፍ ብሎ ነበር። ዳዊቴን ጀምሬ ሁለት ጊዜ ከመካከሉ ጠፋብኝ። ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ጠፍቶብኝ አያውቅም።

ከስብስቡ ጋር በመጣው መመሪያ መጽሐፍ ሠሪዎቹ የጻፉትን ዛሬ ደግሜ አየሁት። መብራት በድንገት ቢጠፋ መዝገቡ እንዳይበላሽ፣ ለሦስት ደቂቃ ትእዛዝ ያልመጣለት መዝገብ በራሱ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ የሚጻፈውን ሁሉ አይቀበልም። የስሕተቱ ቁጥር ሰባት ነው። ይህን በመጀመሪያው ወር አንብቤው ነበር። በግድግዳው ላይም በሰባተኛው መስመር «መዝገቡ ተዘግቷል» ብዬ አስፍሬዋለሁ። ስለዚህ አልደበቅሁም።

ያንን የሠራው ፈረንጅ ሰውን በሦስት ደቂቃ ሰላም ብሎ የሚጨርስ ይመስላል። የዝናቡን፣ የከብቱን፣ የልጆቹን፣ የታመመውን ሳይጠይቅ።

ሰኔ ፳ ቀን

ከክፍለ ሀገር ሦስት አጣሪዎች መጡ። አሠራሩን እንዳሳያቸው ጠየቁ፤ አሳየሁ። ረክተው ፈረሙ። ራሴን ያመኛል።

ሰኔ ፳፩ ቀን

ትናንት ያልጻፍሁትን ዛሬ እጽፋለሁ።

አጣሪዎቹ በማሽኑ ዙሪያ ቆሙ። የአቶ ማሬን ማኅበር እየመዘገብሁ እንዳሳያቸው ጠየቁኝ። መዝገቡን ከፈትሁ። ቁጥሩን ያዝሁ። በዚህ መካከል አቶ ማሬ ራሳቸው ለምስክርነት ተጠርተው ገቡ፤ አንድ ቄስም አብረዋቸው ነበሩ። ተነሣሁ። ሌሎቹም ተነሡ። ቄሱን ተሳለምሁ፤ አቶ ማሬ እንደ ወጉ ጠየቁኝ፣ እኔም እንደ ወጉ ጠየቅኋቸው። ስለ ገብሱ አንድም ቃል አላነሡም፤ ስለ ጤናዬ ነው የጠየቁኝ። ይህ ከስድብ ይልቅ ከበደኝ። ወንበሬን ለቄሱ ሰጠሁ። ከዚያም ቆሜ፣ ጎንበስ ብዬ ጻፍሁ፤ ዘጋሁ፤ ቦታውን ለቀቅሁ።

ማሽኑ ዝም አለ።

የአጣሪዎቹ አለቃ «ይኸው! በሥነ ሥርዓት ለሚሠራ የሚያስቸግር ነገር የለውም» ብሎ ጻፈ፤ ሦስቱም ፈረሙ። እኔ ጽሑፉ የሚታይበትን የማሽኑን መስተዋት እያየሁ ቆሜ ነበር። ውጤቱን አልጠየቅሁም። አምስት ወር የሠራሁት እኔ፣ ሌላውን ቆሞ እንዲወጣው ያደረግሁት እኔ፣ አልጠየቅሁም። ይህን እዚያው ቆሜ ሳለሁ አውቄዋለሁ። አፌን አልከፈትሁም።

ዛሬ ሰው ሳይገባ ሄጄ አብዱን ሞተሩን እንዲያስነሣልኝ ለመንሁት። መዝገቡን ከፈትሁ። የአቶ ማሬ ማኅበር የለም። አብዱ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ከኋላዬ መጥቶ ነበር። አየ፤ ገባው።

«ታዲያ መሪጌታን ማን ይሰር?» አለኝ።

ልመታው እጄን አንሥቼ ነበር። በሃምሳ ሦስት ዓመቴ እጄን በሰው ላይ አነሣሁ። እርሱ አልሸሸም። እጄን ወደ ኪሴ መለስሁት።

ሰኔ ፳፪ ቀን

ለጓድ ሙላቴ ነገርሁት። በሩን ዘጋ።

«መሪጌታ፣ ነገሩ ተፈርሟል። የርስዎም ፊርማ አለበት፣ የእነርሱም አለበት። ዛሬ ተነሥተው ጥፋቱ የማሽኑ ነው ቢሉ ማሽኑ አይታሰርም።»

«የማሽኑ አላልሁም።»

«ታዲያ የማን ሊሉ ነው?»

ወደ በሩ ሄድሁ። እርሱም የጠየቀኝ መልስ ፈልጎ አልነበረም። ስወጣ «ለጡረታ ሁለት ዓመት ነው የቀረዎት» አለኝ፤ በርኅራኄ ነው ያለው። ርኅራኄው አቃጠለኝ።

ሰኔ ፳፬ ቀን

ወደ ቀበሌው ሄድሁ። ውዴ እንጀራ በወጥ ቋጥራ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። ዘበኛው ከአጥሩ ወዲህ ሆኜ እንዳነጋግራት ፈቀደ።

ዘነበች ከስታለች። ሰላምታዬን ተቀበለች፤ እንጀራውን ግን መሬት ላይ አኖረችው።

«አገናኙን እንደገና ልሠራው ነው» አልኋት። «ያን ጊዜ ያልሽኝን ድገሚልኝ።»



«አሁን መጥተው ስለ ትእዛዝ ነው የሚጠይቁኝ?»

«አዎ።»

«እዚህ ውስጥ ሌሊት ማንን እየጠሩ እንደሚያወጡ ያውቃሉ? ስለ ወንድሜ ምን እንደሚጠይቁኝ ያውቃሉ?»

 ልሄድ ዞር ስል ጠራችኝ። ንዴቷ በድምፅዋ ነበር፤ ነገር ግን ነገረችኝ።

«ሰው ሰውን ሲልክ እንዴት ይላል? ‹እነ ማሬን መዝግብልኝ› ይላል። በሩን ክፈት፣ መዝገቡን ያዝ፣ ብዕሩን አንሣ፣ በሩን ዝጋ አይልም። የተላከው ሰው ካልሆነለት ተመልሶ አልሆነም ይላል። እስኪጠየቅ ድረስ ጥግ ይዞ አይቀመጥም። እንዲህ ያለ መልእክተኛ ቢኖርዎት ያቆዩታል?»

«አላቆየውም።»

«እንግዲያው እኔን ለምን ከእርሱ ጋር አሠሩኝ?»

ሰኔ ፳፱ ቀን

አራት ቀን። አንድ ትእዛዝ፦ «መዝግብ»። ይከፍታል፣ ይጽፋል፣ ራሱን ይጠይቃል፣ ይዘጋል፣ ቦታ ይለቃል። ካልሆነለት ይጮኻል፤ በቁጥር ሳይሆን በቃል ይናገራል። ሃያ ሦስቱ ትእዛዞች ከሥር አሉ፤ ጸሓፊ ግን አያያቸውም። በየመስመሩ ተናድጃለሁ። ቀላል ነበር። ከመጀመሪያው ቀላል ነበር! አምስት ወር ስደክም አራት ቀን ብቻ ብጨምር ይበቃ ነበር።

ሐምሌ ፬ ቀን

አጣሪዎቹ የመጨረሻውን ቃል ሊሰሙ ተመለሱ። ዘነበችን አምጥተው በጥግ አስቀመጧት። ስሜን ሲጠሩ ተነሣሁ።

«ባለፈው በፊታችሁ የአንድ ማኅበር ስም መዝግቤ ነበር፤ ስለ መመዝገቡም ፈርማችኋል» አልሁ። «እባካችሁ ፈልጉት።»

አለቃቸው ወደ ማሽኑ ሄደ። እየመራሁት መዝገቡን ራሱ ከፈተ። ስም በስም አነበበ። ወደ መጀመሪያው ተመልሶ ደግሞ አነበበ።

«የለም» አለ።

«እኔ ጻፍሁት። እርስዎ አዩኝ፤ እነዚህ ጓዶችም አዩኝ። ለቄሱ ስነሣ መዝገቡ በራሱ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ የጻፍሁትን ማሽኑ አልተቀበለም፤ አለመቀበሉንም አልነገረኝም። እኔ አላወቅሁም፤ እናንተም አላወቃችሁም፤ ፈረማችሁ። ዘነበች ያደረገችው ይህንኑ ነው። እርሷ አሻጥረኛ ከሆነች በዚህ ክፍል ውስጥ አራት አሻጥረኞች ተጨምረዋል።»

ጓድ ሙላቴ ጉሮሮውን ጠረገ። ማንም አላየውም።

«ታዲያ አሻጥረኛው ማነው?» አለ አለቃቸው።

«አሻጥረኛ የለም። ጥፋተኛ ግን አለ። አገናኙን እንዲህ ዝም እንዲል አድርጌ የሠራሁት እኔ ነኝ። ዝም እንደሚልም አውቅ ነበር። ልጅቱ በግንቦት ወር አስቀድማ ነግራኛለች፤ አልሰማኋትም። የሰኔ ዘጠኙ ቃሌ ቃል በቃል እውነት ነው፤ የጻፍሁት ግን ራሴን ለመሸሸግ ነው።»

ይህን የመጨረሻውን ልናገረው አላሰብሁም ነበር። ከወጣ በኋላ መመለስ አልተቻለም።

ሦስቱ ወደ ውጭ ወጥተው ተማከሩ። በመስኮት በኩል የፈረሙበትን ወረቀት ከእጅ ወደ እጅ ሲቀባበሉት አየሁ። ተመልሰው «የቴክኒክ ጉድለት» ብለው ጻፉ። ዘነበች በዋስ ተለቀቀች። ዋሷ አብዱ ሆነ፤ ከእኔ ቀድሞ እጁን አነሣ። ስለ ወንድሟ በዚያ ቀን ማንም አላነሣም፤ ወደፊት አያነሡም ማለት ግን አይደለም።

አቶ ማሬ በረንዳው ላይ ጠበቁኝ። ለአራቱ ማኅበራት የጤፍ ዘር በዚህ ሳምንት እንደሚሄድ ነገርኋቸው።

«ገብሱስ?»

«ጊዜው አልፏል፣ አባቴ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ዱላቸውን አንሥተው ሦስት አራት እርምጃ ከሄዱ በኋላ ቆሙ። «ስማችንንስ መልሳችሁ ጽፋችሁታል?»

«ጽፈነዋል።»

«አይተኸዋል ወይስ ይመስልሃል?»

አይቼዋለሁ አልኋቸው። እስከ ዛሬ አንቱ ይሉኝ ነበር።

ሐምሌ ፲፬ ቀን

ትእዛዙ ደረሰኝ። ከማሽኑ ሥራ ተነሥቼ በአንበሳሜ የዕቃ ግምጃ ቤት ተመድቤያለሁ። የዛሬው ቀን ሥራውን የማስረከቢያ ነበር። ተረካቢዋ ዘነበች ናት፤ ሌላ የሚያውቀው ሰው ስለሌለ።

ከጠዋት ጀምሮ በአዲሱ አገናኝ ስትሠራ አየሁ።  ከቀትር በኋላ በወረቀት የተጻፈ ነገር ይዛ መጣች።

«ይቅር ብዬዎታለሁ ልል አይደለም የመጣሁት» አለች። «ሦስት ነገር ይቀረዋል።»

«ምን ይቀረዋል?» ደሜ ፈላ። አራት ቀን ያለ ዕረፍት የሠራሁትን!

«አንደኛ፣ መዝገቡ ተዘግቶ ሲያገኘው ይጮኻል። ለምን ራሱ አይከፍተውም? ቁልፉ በእጁ አይደለም?»

እውነት ነው። በእጁ ነው።

«ሁለተኛ፣ ካልሆነለት ‹ስተሃል፤ ትእዛዝህን መርምር› ይላል። ዲስኬቱ ሞልቶ ቢሆንስ? አብዱ ሞተሩን አጥፍቶት ቢሆንስ? ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሳያውቅ ለምን ይቆጣል? እንዴት እንዳልሆነ ይንገረኝና ይበቃዋል።»

አብዱ ከበሩ ላይ ሆኖ ሳቁን ዋጠ። የሚዘጋበት ሰዓት አልፎ ነበር፤ ሞተሩን ግን አላጠፋም።

ተቀመጥሁ። የመጀመሪያውን አረምሁ። ከዚያም ያንን መስመር ፈልጌ አገኘሁት። በእጄ የጻፍሁት ነው፤ ስጽፈው ተገቢ መስሎኝ ነበር። ሰረዝሁት። በቦታው ምን እንዳልተመዘገበና ለምን እንዳልተመዘገበ ብቻ የሚናገር ቃል አገባሁ።

«ተቆጥተዋል?» አለችኝ።

«አዎ።»

«በማን?»

ወደ ማሽኑ መስተዋት ተመለስሁና ሦስተኛውን እንድታነብልኝ ነገርኋት።